ኮማንደሩ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ሽኝቱን እንዴት እናዘጋጅ?

በመምሪያችሁ አንድ አለቃ ጡረታ ሊወጡ ነው እንበል። ከ30 ዓመት በላይ አገልግለዋል። ከኮንስታብል ተነስተው ኮማንደር ደርሰዋል። አንድ ቀን ጠዋት ከሰው ሀብት ክፍል ይደወልላችሁና «ሽኝት አዘጋጁ፣ ኮሚቴው እናንተ ናችሁ» ትባላላችሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባነር ይታተማል። ኬክ ይታዘዛል። የግድግዳ ሰዓት ይገዛል። ሦስት ኃላፊዎች ተራ በተራ ወጥተው «ታታሪ፣ ቆራጥ፣ ሕዝባዊ» ይላሉ፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። ከአዳራሹ የሚወጣውን እንግዳ አስቁማችሁ «ለመሆኑ እኚህ ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን ምን ሠሩ?» ብትሉት ግን መልስ የለውም።

ይሄ ያሳዝነኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ሲዞር የኖረ ሰው በሦስት ቅጽል መሸኘት የለበትም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፤ የተሸኚው ሥራ በቦታው፣ በዓመቱና በምስክሩ ይነገር። ካባውም፣ ስጦታውም፣ ምሳውም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ራሳቸውን ጠይቁ

ጡረታ የሚወጡበት ቀን ከፋይላቸው ላይ ቀድሞ ይታወቃል። የፖሊስ የጡረታ መውጫ ዕድሜ እንደ ማዕረጉ ስለሚለያይ ከሰው ሀብት ክፍል አረጋግጡ እንጂ በግምት አትሂዱ። ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀር ጀምሩ። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ካላችሁ ድግሱን ቀንሱ፣ ታሪክ የምትሰበስቡበትን ጊዜ ግን አትንኩ።

ቡና ይዛችሁ ቢሯቸው ግቡና በግልጽ ጠይቋቸው። ማን እንዲገኝ ይፈልጋሉ? ማን እንዲናገር? እንዲነሳ የማይፈልጉት ጊዜ ወይም ጉዳይ አለ? አንዳንድ አለቃ ግርግር አይወድም፤ ከጣቢያው ልጆች ጋር ምሳ በልቶ መሄድ ይበቃዋል። ይህንንም አክብሩ። «ሳያውቁ እናስደንግጣቸው» የሚለው ሐሳብ ለልደት ይሆን ይሆናል፤ ለዚህ ግን አልመክረውም። ሰውየው ቤተሰብ ከክፍለ ሀገር ማስመጣት ይፈልጉ ይሆናል፣ ሐዘን ላይ ይሆኑ ይሆናል፣ ዩኒፎርማቸውን አሳጥበው መተኮስ ይፈልጋሉ። የመጨረሻ ጊዜ ለብሰው የሚቆሙበት ቀን ነውና።

ኮሚቴው ትንሽ ይሁን። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ታሪክ ሰብሳቢ፣ ከቤተሰብ ጋር የሚገናኝ ሰው፣ በቃ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የግድ ኮንስታብል ወይም ሳጅን ይሁን። አለቆች ብቻ ያዘጋጁት ሽኝት የአለቆች ስብሰባ ይሆናል። ከሰፈሩም በማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሥራ አብሯችሁ የሚደክም አንድ ሰው አስገቡ፤ ነዋሪው የሚያስታውሰውንና እናንተ የማታውቁትን ነገር የሚያመጣላችሁ እሱ ነው።

የጡረታ ፋይሉን ሳትጨርሱ ባነር አትዘዙ

ይሄ የበዓል ዝግጅት አይመስልም፣ አውቃለሁ። ግን ከሁሉም የሚበልጠው ክብር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ካባ ለብሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ ለወራት «አንድ ወረቀት ጎድሏል» እየተባለ የሚመላለስ ጡረተኛ ስንቱን አይተናል!

የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት የትውልድ ዘመን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሕይወት ታሪክ ቅጽ ከፋይሉ አውጡና እዩት። በሥራ ላይ ያለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ፖሊስንም ያካትታል። ሰውየው ከክልል ወደ ፌዴራል ወይም ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ተዛውረው ከነበረ የየቦታው የአገልግሎት ማስረጃ መሟላት አለበት። ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ተጽፎ ይገኛል፤ የአያት ስም ተዘሎ ይገኛል። ይህን ቀድማችሁ አስተካክሉ። የጋብቻ ማስረጃና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ የልደት ማስረጃቸው ከፋይሉ ጋር መያያዙን ተመልከቱ። ነገ አንድ ነገር ቢሆን የተተኪ ጡረታ የሚጠይቀው ቤተሰባቸው ነው፤ ያኔ ሰነድ ፍለጋ እንዲንከራተት አታድርጉት።

ርክክቡም እንዲሁ ከበዓሉ በፊት ይለቅ። ሽጉጥ፣ ሬዲዮ፣ መኪና፣ የቢሮ ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የኤግዚቢት ክፍል መዝገብ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ይፈረም። ከሽኝቱ ሁለት ሳምንት በኋላ «ያልመለሱት ንብረት አለ» የሚል ደብዳቤ ቤታቸው ቢደርስ ያ ሁሉ ጭብጨባ ገደል ገባ። ሀብታቸውን ያስመዘገቡ ኃላፊ ከሆኑም በሀብት ማሳወቅና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ከኃላፊነት ሲለቁ የሚጠበቅባቸው ነገር ካለ ቀድመው እንዲጨርሱ አስታውሷቸው።

ታሪኩን መሰብሰብ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

ከሰውየው ጋር ተቀመጡና የነበሩበትን ቦታ በቅደም ተከተል ጻፉ። የት ሰለጠኑ? ኮልፌ? ሰንዳፋ? የክልል ማሰልጠኛ? የመጀመሪያ ምድባቸው የት ነበር? ስንት ሰዓት ይቆሙ ነበር? አለቃቸው ማን ነበር? በየትኛው ዓመት ተዛወሩ፣ ለምን ተዛወሩ? መርማሪ የሆኑት መቼ ነው? በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ተልዕኮ ዳርፉር ወይም ሌላ ቦታ ሄደው ከነበረ ሜዳልያው አለ? ፎቶ አለ? እንዲህ ብላችሁ በዓመት ስትደረድሩት የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የተቋሙም ታሪክ ይወጣል። ኮልፌ ከሰለጠኑ ለምሳሌ፣ በ1954 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያው ፈጥኖ ደራሽ ግቢ መሆኑን ለልጆቻቸው ብትነግሩ ደስ ይላቸዋል። አባታቸው የረገጡት ሜዳ ነው። የፌዴራል ፖሊስ ባልደረባ ከነበሩ ደግሞ ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 720/2004 እንደገና ሲደራጅ የት እንደነበሩና ምን እንደተቀየረባቸው ጠይቁ።

«ትልቁ ሥራዎ ምንድነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ማንም ጨዋ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ግዴታዬን ነው የተወጣሁት» ብሎ ይዘጋችኋል። ይልቅ ጠበብ አድርጋችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ጣቢያ አዛዥ ሲሆኑ ምን ለወጡ? ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት መዝገብ የቱ ነበር? እንቅልፍ የነሳዎት ጉዳይ አለ? ከበታችዎ ከነበሩት ውስጥ የሚኮሩበት ማን ነው? አንዱ ጥያቄ ሌላውን ይጎትታል።

እዚህ ላይ የሚወጡት ነገሮች ብዙ ጊዜ ትንንሽ ይመስላሉ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይደነግጋል። ይህን ሰዓት በእጁ ሰዓት እየቆጠረ፣ ዓርብ ማታ የተያዘው ሰው ሰኞን እንዳይጠብቅ ቅዳሜ መርማሪዎቹን የሚጠራ አዛዥ ካያችሁ ያ ትልቅ ሰው ነው። ስንቅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ዝናብ ላይ እንዳይቆሙ ቆርቆሮ ያሠራ። የተደፈረች ልጅ ቃሏን ለሴት መርማሪ፣ በሯ በሚዘጋ ክፍል እንድትሰጥ ያደረገ። ተጠርጣሪ ላይ እጁን ያነሳ የራሱን አባል የቀጣ። እነዚህ በሪፖርት ላይ አይወጡም። ሽኝት ላይ መነገር ያለባቸው ግን እነዚህ ናቸው።

ከእሳቸው ቃል በተጨማሪ ሌሎች ምንጮችን ፈልጉ። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ የድሮ ቅጂዎቹ ውስጥ ስማቸው ወይም የመረመሩት ጉዳይ ሊኖር ይችላል፤ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ የቆዩ ጋዜጦችን ማገላበጥ ትችላላችሁ። ቤተሰባቸውን የድሮ ፎቶ ጠይቁ። በሥልጠና ጊዜ ተሰልፈው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከተገኘ አሳድጋችሁ አሳትሙት፣ ከጀርባው የተጻፈ ካለም ገልብጡት። አብረዋቸው የሠለጠኑትን አፈላልጉ። አንዳንዱ ጡረታ ወጥቷል፣ አንዳንዱ በሕይወት የለም፣ አንዳንዱ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ነው ያለው። ውጭ ያለው በስልኩ ሁለት ደቂቃ ቀርፆ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ አዳራሹን እንዴት እንደሚያነቃው ታያላችሁ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ። ታሪክ ስትሰበስቡ የሰው ምስጢር እንዳታወጡ። የተበዳይ ስም፣ በተለይ የሴቶችና የሕፃናት፣ በፍጹም አይጠራም። ጥቆማ የሰጡ ሰዎች ማንነትም እንዲሁ፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው በከንቱ አይደለም። ገና ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ አይነሳ። ጥፋተኛ ተብሎ ፍርዱን የጨረሰ ሰውም ቤተሰብ አለው፣ ሰፈር አለው፤ ስሙን ማይክ ላይ አትጥሩት። «በ1999 በመርካቶ የተፈጸመ አንድ ከባድ ዘረፋ» ማለት ይበቃል። በመጨረሻ የጻፋችሁትን ሁሉ መርማሪና ዐቃቤ ሕግ ያንብቡት።

እውነቱን መናገር

ይህን ክፍል መዝለል እችል ነበር፤ ግን አላደርገውም።

ዛሬ ጡረታ የሚወጡ የፖሊስ አመራሮች ከባድ ዘመን ውስጥ ነው ያለፉት። የ1997 ምርጫን ማግስት ያየ አለ። ከ2008 በኋላ የነበሩትን ዓመታት ያየ አለ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ሞቷል፣ ሰው ታስሯል፣ ፖሊስም ሞቷል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ወንድሙን ያጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሰላማችንን በብረት ክንዳቸው ያስከበሩ» የሚል ንግግር ከተዘጋጀ ሰርዙት። አንዱን የሚያስጨበጭብ ቃል ሌላውን ቁስሉ ላይ ይነካዋል።

ታዲያ ምን ይባል? የምታውቁትን፣ ያያችሁትን፣ ምስክር ያለውን ብቻ ተናገሩ። በዚያ ዘመን ታሳሪን ያስመታ ሳይሆን ያስጣለ ከሆነ፣ ምስክሩም ካለ፣ በዝርዝር ይነገር። ከሌለ ዝም ይባል። ያልሠሩትን ሠሩ ብሎ ማወደስ ራሳቸውንም ያሸማቅቃል፤ ሰው የራሱን ሥራ ያውቃል። በስማቸው ላይ የቆየ ቅሬታ ያለባቸው አመራር ከሆኑ ደግሞ ሽኝቱን የቅሬታ ማጠቢያ አታድርጉት። ቀለል ያለ ምሳ፣ የአገልግሎት ዘመን የምስክር ወረቀት፣ ከባልደረቦች ምስጋና፣ ይበቃል።

በዕለቱ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ያዙ። አብረዋቸው ሠርተው በሥራ ላይ የወደቁ ባልደረቦች ስም አንድ በአንድ ይነበብ። ከቻላችሁ ቤተሰባቸውን ጋብዙ። ሕይወቱን የገበረ ባልደረባው ስሙ ሲጠራ ከመስማት የሚበልጥ ስጦታ ለአንድ ፖሊስ ያለ አይመስለኝም።

ማን ይናገር፣ ስንት ደቂቃ

ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አይብለጥ፤ እያንዳንዱም ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። የበላይ ኃላፊ አንድ ብቻ። ለሚመጡት ኃላፊ ቀድማችሁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ላኩላቸው፤ ምድብ፣ ዓመት፣ ሦስት የተመረጡ ሥራዎች። እሳቸውም ሥራ ይበዛባቸዋል፣ በእጃቸው ያለውን ወረቀት ነው የሚያነቡት። ባዶ እጃቸውን ከመጡ ሦስቱ ቅጽሎች ይመለሳሉ።

ከዚያ በእሳቸው ሥር የሠራ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው አባል ይናገር። ሾፌራቸው ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ሾፌር ሁሉን ያያል። ከዚያ አንድ ነዋሪ፤ ልጇ ጠፍቶባት ያገኙላት እናት ፈቃደኛ ከሆነች፣ ወይም ሌባ ያስቸገረው የጉልት ነጋዴ። አብሯቸው ብዙ የተከራከረ ዐቃቤ ሕግም ጥሩ ምስክር ነው፤ መዝገባቸው ንጹሕ እንደነበር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ከልጆቻቸው አንዱ።

የቤተሰቡን ነገር ላንሳ። ፖሊስ ቤት ዓመት በዓል የለም። እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ ጥምቀት፣ ኢሬቻ፣ ዒድ፣ ምርጫ፣ ሩጫ፣ ሌላው ሲሰባሰብ ፖሊስ አደባባይ ነው። ባለቤታቸው ዶሮ ወጡን ሠርተው ልጆቹን አብልተው፣ የእሳቸውን ድርሻ አስቀምጠው ነው የኖሩት። ዝውውር ሲመጣ ዕቃ የሚያሥሩ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያስወጡ፣ አዲስ ሰፈር የሚለምዱ እነሱ ናቸው። ተሸኚዋ ሴት ከሆኑ ደግሞ ባል፣ እናት ወይም እህት ነው ይህን የተሸከመው። ስለዚህ የትዳር ጓደኛቸው «እና ባለቤታቸው» ተብለው ከጎን አይቆሙ። በስማቸው ተጠርተው መድረክ ላይ ይውጡ፣ ካባው ወይም ጋቢው ለሁለቱም ይሁን፣ የምስክር ወረቀትም ለብቻቸው ይጻፍላቸው። ይህን ያደረጉ ሽኝቶች ላይ ሰው እንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ።

የምስክር ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ

«ላሳዩት ከፍተኛ ትጋት» የሚለውን የተለመደ ዓረፍተ ነገር ተዉት። እንዲህ ያለ ነገር ሞክሩ፦

«ኮማንደር እገሌ ከ1985 እስከ 2018 ዓ.ም. በኮንስታብልነት፣ በመርማሪነት፣ በጣቢያ አዛዥነትና በመምሪያ ኃላፊነት አገልግለዋል። የጣቢያ አዛዥ በነበሩበት ጊዜ የታሳሪ ቤተሰብ የሚያርፍበት ጥላ አሠርተዋል፤ ሴት ተበዳዮች ቃላቸውን ለሴት መርማሪ የሚሰጡበት ክፍል እንዲከፈት አድርገዋል። ያሠለጠኗቸው መርማሪዎች ዛሬም በየጣቢያው ይሠራሉ። ይህን ባልደረቦቻቸውና የአካባቢው ነዋሪዎች እንመሰክራለን፤ እናመሰግናለን።»

አጭር ነው፣ የሚጨበጥ ነው፣ የልጅ ልጅ ቢያነበው ይገባዋል። ማዕረጉን በትክክል ጻፉ። ምክትል ኮማንደርና ኮማንደር፣ ረዳት ኮሚሽነርና ምክትል ኮሚሽነር አንድ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ዓመታት ያስከፈለ ነው። ስማቸውንም እንደሚጽፉት አድርጋችሁ ጻፉ። ከመታተሙ በፊት ባለቤታቸው ያንብቡት።

ገንዘብና ስጦታ

መዋጮ በፈቃድ ይሁን። የኮንስታብልን ደመወዝ ታውቁታላችሁ። ከፔሮል ላይ ሳይጠየቅ የሚቆረጥ ገንዘብ ስጦታ አይባልም። ጣሪያ አብጁለት፤ ኮንስታብሉ 100 ብር ቢሰጥ አለቃውም አሥር እጥፍ ሰጥቶ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ሁለት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ በቴሌብር የገባውም እዚያው ይግባ። ሲያልቅ ገቢና ወጪው ለሁሉም ይነበብ።

የሰፈር ባለሀብት «ለኮማንደሩማ መኪና እንገዛለን» ብሎ ከመጣ በትሕትና እምቢ በሉ። ጉዳይ ያለው ሊሆን ይችላል፣ ነገም ሊኖረው ይችላል። ሰውየው 30 ዓመት የጠበቁትን ስም በመጨረሻው ሳምንት አታስበሉባቸው። ነዋሪው መስጠት ከፈለገ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣበት ነገር ይሁን። ጋቢ ይሁን፣ በሬ ይሁን፣ ለግቢያቸው የሚሆን ችግኝ ይሁን።

ምን ይገዛ? የሚያስፈልጋቸውን ቤተሰቡን በምስጢር ጠይቁ። ብዙ የፖሊስ አመራር የራሱ ቤት ሳይኖረው ነው ጡረታ የሚወጣው፤ የተመደበለትን ቤት ሊለቅ እየተዘጋጀ ላለ ሰው ግዙፍ ሶፋ መስጠት ችግር መጨመር ነው። የመስታወት ዋንጫና የግድግዳ ሰዓት ቤታቸው ሞልቷል። ከእኔ የምትቀበሉ ከሆነ ሁለት ነገር ስጧቸው። አንደኛው ገንዘቡ ራሱ፣ በፖስታ ወይም በሒሳባቸው። ሁለተኛው የሰበሰባችሁት ታሪክ ተጠርዞ፣ ፎቶዎቹ ገብተውበት፣ ባልደረቦች በእጃቸው የጻፉበት ባዶ ገጾች ተጨምረውበት። አንድ ቅጂ ለጣቢያው አስቀሩ፤ አንድ ደግሞ ሰንዳፋ ለሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ወጣት ሰልጣኝ ያነበዋል።

ቀኑና ቦታው

መስከረም መጀመሪያ፣ ደመራ ሰሞንና ጥር 10 እና 11 አይሆኑም፤ ኃይሉ ሁሉ ሥምሪት ላይ ነው። የሰኔ መጨረሻም የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ፋይናንስ ክፍል ፊት አይሰጣችሁም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን ከግምት አስገቡ። የጾምና የፍስክ ምግብ ይኑር፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻው ይዘጋጅ፤ ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሰዓት ይጠበቅ።

ሆቴል አዳራሽ ከምትከራዩ ጣቢያው ግቢ ድንኳን ጣሉ። ወንበሩን ከሰፈሩ ዕድር ተዋሱ። ሰውየው የሠሩት እዚያ ነው፣ ሰውም ሳይፈራ ይገባል። ፖሊስ ግቢ ለክስ ወይም ለእስር ብቻ የሚያውቁት እናቶች አንድ ቀን ለምስጋና ሲገቡ ለጣቢያውም ይጠቅመዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እኮ ሰባተኛ፣ ስድስተኛ እየተባሉ በጣቢያ ቁጥር የሚጠሩ ሰፈሮች አሉ፤ ጣቢያና ሰፈር የቆየ ጎረቤት ነው። በዕለቱ ተረኛ ለሆኑት አባላት ምግባቸው ቀድሞ ይቀመጥ፤ ጥበቃ ላይ የቆመውን ልጅ ረስታችሁ ስለ አገልግሎት ብታወሩ አያምርም።

የዕለቱ አካሄድ

ጠዋት ሰልፍ። ይሄ አይቅር። አባላት ይሰለፉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀል፣ ተሸኚው ሰልፉን ይጎብኙ፣ የመጨረሻ ሰላምታ ይስጡ፣ ይቀበሉም። ማርሽ ባንድ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ። ሂሩት በቀለን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችበት የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ትዝታ ላላቸው አንጋፎች ሙዚቃው ራሱ ዘመናቸውን ይመልስላቸዋል። ባንድ ከሌለ ችግር የለም፤ ጥርት ያለ ትእዛዝና እኩል የተመታ ሰላምታ ይበቃል። ቀድማችሁ ተለማመዱት።

ከዚያ በሁሉም ፊት ለተተኪው የጣቢያውን ቁልፍ ወይም የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ያስረክቡ። ዋናው ርክክብ አልቋል፤ ይሄ ለዓይን ነው። የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ተነስተው ይመርቁ፣ ካባውን እነሱ ያልብሱ። ባለሥልጣን ካባ ሲያለብስና የሰፈር አዛውንት ሲያለብሱ ልዩነት አለው። ቀጥሎ ንግግሮቹ፣ የውጭ ቪዲዮዎቹ፣ የሕሊና ጸሎቱ፣ በመጨረሻ የእሳቸው ቃል። ለእሳቸው ሰዓት አትገድቡ። አንዳንዱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ድምፁ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ የእሳቸው ቀን ነው።

ምሳ፣ ቡና፣ ከዚያ አጀብ እስከ ቤት ድረስ። አጀቡ ሲባል ሳይረን እያስጮኹ መንገድ መዝጋት አይደለም። ጥቂት መኪና፣ አብረዋቸው የሠሩ ልጆች፣ ደጃፍ ላይ የሚጠብቁ ጎረቤቶች።

ከሽኝቱ በኋላ

ብዙ ኮሚቴ ድንኳኑን ሲያፈርስ አብሮ ይፈርሳል። ቢያንስ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ይቆይ። ለዘመናት በየሰዓቱ ይጮህ የነበረ ስልክ በድንገት ዝም ሲል ከባድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ደውሉ፣ ለምክር ሳይሆን እንዲሁ ለሰላምታ። ማዕረጋቸውን አትንሱ፤ መንገድ ላይ ስታገኟቸው «ኮማንደር» በሏቸው። አዲስ መርማሪዎች ሲመጡ ግማሽ ቀን መጥተው ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ጋብዙ፣ አበልም ክፈሏቸው። ሰፈር ውስጥ ለሽምግልና የሚፈለጉ ከሆነ ከተተኪያቸው ጋር አስተዋውቋቸው፤ ግን የጣቢያውን ሥራ በጀርባ እንዲመሩ አታድርጉ፣ ለተተኪውም ለእሳቸውም ጥሩ አይደለም።

ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ጡረታ የወጣ መርማሪ በድሮ መዝገብ ምስክር ሆኖ ፍርድ ቤት ይጠራል። መጥሪያው ጣቢያ ይመጣል፣ ሰውየው ግን ክፍለ ሀገር ገብተዋል፣ ስልካቸውም ተቀይሯል። አድራሻቸውን በመዝገብ ቤት አስቀምጡ። መጥሪያ ሲመጣ መኪና የሚልክ፣ የድሮ መዝገቡን አውጥቶ የሚያስነብባቸው፣ ችሎት ድረስ አብሯቸው የሚሄድ አንድ አባል ከአሁኑ መድቡ። ስሙንና ስልኩንም በወረቀት ጽፋችሁ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ስጡ።